የታይሉና የኮንክሪቱ መገናኛ በየክረምቱ ይሰነጠቃል፤ ምን ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ግንበኛም ሁኑ የቤት ባለቤት፣ የምታውቁ እርዱኝ።

የእናቴ ቤት በረንዳ ታይል ነው። ታይሉ ካለቀበት የግቢው ኮንክሪት ይጀምራል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር 9 ሜትር ያህል ይሆናል። እዚያ መስመር ላይ የሚሞላው ሲሚንቶ በየክረምቱ ይሰነጠቃል። ሦስት ጊዜ ተሞልቷል። መጀመሪያ ቤቱን የሠራው ግንበኛ መጥቶ ሞላው፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ በመጨረሻ እኔ ራሴ። ሦስቱንም ጊዜ ሐምሌ ሳይጋመስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣበት፤ ነሐሴ ላይ ቁርጥራጩ በጣት ይነሳ ጀመር። ዘንድሮ ደግሞ ብሶበት ከመስመሩ አጠገብ ያሉ ሁለት ታይሎች ጫፋቸው ብድግ ብሏል። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጫማዋን ታይሉ ያዘውና በጉልበቷ ወደቀች። አጥንቷ አልተነካም፣ ተመስገን። እኔ ግን ይህን ነገር ሳልጨርሰው አላርፍም።

የእኔ ግምት ጥፋቱ የሲሚንቶው ነው የሚል ነው። የአሁኑ ሲሚንቶ እንደ ድሮው አይይዝም። ጠንካራውን፣ ባለ 42.5 ደረጃውን ገዝቼ፣ አሸዋውን ቀንሼ፣ ጠንከር አድርጌ ልሙላው? ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

ከዚህ በታች ያለው በኋላ የጨመርኩት ነው። ጥያቄውን ከለጠፍኩ ዓመት አልፎታል፤ መልሱም 38 ደርሷል። ያንኑ ጥያቄ በውስጥ መስመር የሚልኩልኝ ሰዎች ስለበዙ፣ መልሶቹን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ።

1ኛው መልስ ለእናቴ ምሕረት የለመነ ሰው ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ቦታው ከጣሪያ ሥር ነው ወይስ ሜዳ ላይ፣ ውሃው ወዴት ይፈስሳል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ምንድን ነው። ያኔ ጥያቄውን እንደ ትርፍ ወሬ ቆጥሬው ፎቶ ብቻ ለጥፌ አለፍኩ። አሁን ሳየው የነገሩ ቁልፍ ሦስቱ ጥያቄዎች ውስጥ ነበር።

2ኛው ከፍኖተ ሰላም የጻፈ ግንበኛ ነው። ከእኔ ጋር ተስማማ። አሮጌውን ፈልፍዬ እንዳወጣ፣ ቦታውን ውሃ አጠጥቼ ሲሚንቶ የበዛበት ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) እንድጠቀጥቅበት መከረኝ። ደስ አለኝ። አመስግኜው በማግስቱ ሲሚንቶ ልገዛ ነበር።

3ኛው አስቆመኝ። ባሕር ዳር የሚሠራ የሲቪል መሐንዲስ ነው። ረዘም አድርጎ የጻፈውን ላሳጥረው። ታይሉ የቤቱ መሠረት ላይ ነው ያለው፣ የግቢው ኮንክሪት ደግሞ መሬት ላይ። ሁለቱ አብረው አይንቀሳቀሱም። ኮንክሪት በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ አንድ ሜትር ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ የሚለወጠው 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ግቢ 6 ሜትር ስፋት አለው። ደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርዱ፣ ከሰዓት ፀሐዩ ይታወቃል፤ በጥላና በፀሐይ መካከል የኮንክሪቱ ሙቀት 25 ዲግሪ ቢለያይ 1.5 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ ማለት ነው። በየቀኑ ሲሄድና ሲመለስ ይውላል። ሲሚንቶ ጭነት ይችላል እንጂ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ጠንከር ባደረግሁት ቁጥር ወይ እሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ታይሉን ገፍቶ ያነሳዋል። የሁለቱ ታይሎች መነሳት በራሱ ምስክር እንደሆነ ነገረኝ። እዚያ መስመር ላይ መግባት ያለበት እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ነው፤ ሲሚንቶ በምንም ዓይነት አይደለም።

4ኛው አላመነም። አንድ ሚሊ ተኩል ድንጋይ አይሰብርም ባይ ነው። 5ኛው ለእሱ የመለሰ ሹፌር ነው፤ ነገሩን ወደ ባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ወሰደው። በ2016 ግንቦት የተከፈተው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው። ድልድዩ ላይ ሲገባና ሲወጣ ጎማው ገጭ የሚልበት መስመር ለምን እንደተተወ እስኪ አስብ ነው ያለው በአጭሩ። ድልድዩም የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ይቺ ገብታኛለች።

6ኛው ቢቸና ያለ መምህር ነው፤ ወደ አፈሩ መለሰን። የእሱ አገር ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የትምህርት ቤታቸው ደረጃ ከግድግዳው በየዓመቱ እየራቀ፣ ክረምት እየተመለሰ፣ እንደ በር ሲከፈትና ሲዘጋ መኖሩን ጻፈ። ግቢዬ ዋልካ ከሆነ ችግሬ የፀሐዩ ብቻ እንዳልሆነ፣ በስንጥቁ የሚገባው ውሃ አፈሩን እያሳበጠ ኮንክሪቱን ከሥር እንደሚያነሳው አስረዳኝ። ወጥቼ የአጥሩን ጥግ በዶማ ቆፈርኩ። ጥቁር፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ። ዋልካ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገር ከረረ። የፍኖተ ሰላሙ ግንበኛ 7ኛ ላይ ተመልሶ መጣ። 15 ዓመት በሲሚንቶ ሲሞላ አንድም ደንበኛ አቤት ብሎት እንደማያውቅ፣ መሐንዲሶች ወረቀት ላይ ካልሆነ ካዞላ ጨብጠው እንደማያውቁ ጻፈ። መሐንዲሱም አልቻለም፤ 8ኛ ላይ ደንበኛ አቤት የማይለው ስልክ ስለማይነሳለት ነው አለና ነገሩን አባሰው። 9ኛና 10ኛ ስድብ ስለነበሩ አልደግማቸውም። 11ኛው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ሁለቱንም በየስማቸው ጠርተው ገሠጹ። ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ግንበኛው የሚሠራባቸው ቤቶች አፈር ቀይ ነው ወይስ ጥቁር፣ በረንዳውስ ጣሪያ አለው ወይ። ቀይ አፈር ነው፣ አብዛኛውም ጣሪያ አለው ብሎ መለሰ። ጋሼም ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት ብለው ጉዳዩን ዘጉት። መራዊና ዳንግላ በኩል ባለው ቀይ አፈር ላይ፣ ጣሪያ ሥር፣ ሲሚንቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። እኔ ያለሁት ዋልካ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበት ሜዳ ላይ ነው።

12ኛው እኔን አረመኝ፤ ትክክል ነበር። ሲሚንቶውን ያለ ጥፋቱ መክሰሴን ነው የተቃወመው። ባለ 32.5ቱ፣ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ እሳተ ገሞራ አመድ ነክ ድንጋይ ተፈጭቶ የገባበት ስለሆነ ጥንካሬውን የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው። ውሃ እየጠጣ ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት ይፈልጋል። እኛ ግን በማግስቱ እንረግጠዋለን። እዚህ መስመር ላይ ደግሞ የትኛውም ሲሚንቶ ቢገባ ያው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የመጀመሪያውን ግንበኛ በሆዴ መውቀሴን ተውኩ።

13ኛው ከውጭ አገር ያነበበውን አመጣ። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ታይሉን እንደሚያፈነዳው ጻፈ። 14ኛው ጎጃም ላይ በረዶ የሚቋጥር መሬት የለም ብሎ አጣጣለው። 15ኛው ጮቄ ሥር ያደገ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ተቆጣ። ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውርጩ ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ እንስራ ላይ የቀረ ውሃ ቆዳ አውጥቶ ማየቱን ጻፈ። ለእኔ ግቢ የሚጠቅም ባይሆንም ልጁ አገሩን የጻፈበት መንገድ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከ16 እስከ 20 ከርዕስ ወጣን። የሞጣ ሰው ነው የጀመረው። ሞጣ አጠገብ ዓባይ ላይ ያለውን ጥንታዊ ሰባራ ድልድይን የሠሩት ሰዎች ሲሚንቶ ሳይኖራቸው እንዴት ለዘመናት አቆሙት የሚል ነው ጥያቄው። አንዱ በእንቁላል ነው አለ። ሌላው ኖራ እንደሆነ፣ ድልድዩን የሰበረው ዝናብ ሳይሆን በጣልያን ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር ሰው ራሱ እንደሆነ ተናገረ። አንዱ ከጢስ ዓባዩ ድልድይ ጋር አምታታው፤ ያኛው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው ተብሎ ታረመ። እንቁላሉ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ግን 20ኛው ወደ እኛ ጉዳይ የሚመልስ ቁም ነገር ጣለ። ኖራ ከሲሚንቶ የለሰለሰ ነው። ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይላላል፤ ቀጭን ስንጥቅ ቢያወጣም ውሃ ኖራውን እያሟሟ መልሶ ይሞላዋል። ድሮም የሚያቅፈው ልስልሱ ነበር ማለት ነው።

21ኛው በቁጣ ወደ ርዕሱ መለሰን። የሰውዬው እናት ወድቃለች፣ እናንተ እንቁላል ትቆጥራላችሁ ነው ያለው። እውነቱን ነው።

22ኛዋ ዳንግላ ቡና ቤት ያላት ሴት ናት፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመችኝ እሷ ናት፤ ምክንያቱም ተሳስታ ያየች ናት። የቡና ቤቷን ደጅ መገናኛ በሲልከን አስሞልታው ነበር። ሲሞላ ቤቱን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተው። በሁለት ወሩ ከታይሉ ጋር ተጣብቆ ከኮንክሪቱ በኩል እንደ ልጣጭ ተነሳ። 23ኛው ምክንያቱን ነገራት። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ለመስታወትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ነው፤ ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፣ ኮንክሪት ደግሞ አሲድ አይወድም፣ ስለዚህ አይይዝም። ለውጭ ወለል የሚሻለው ፖሊዩሪቴን የሚባለው፣ ደርቆም እንደ ላስቲክ የሚሳበው ማጣበቂያ ነው፤ ካልተገኘ ደግሞ ኮምጣጤ የማይሸተው ዓይነት ሲልከን። ሱቅ ስትገቡ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ፤ ባለሱቁ ሁሉንም ሲልከን ነው የሚላችሁ።

24 እና 25 ስለ ክፍተቱ ስፋት ናቸው። እነዚህ ማጣበቂያዎች የሚሳቡት ከስፋታቸው ሩቡን ያህል ነው፤ የተሻለ የሚሳብም አለ። የ3 ሚሊ ክፍተት ብሞላ የሚችለው ሦስት ሩብ ሚሊ ብቻ ነው፤ የእኔ ኮንክሪት ደግሞ 1.5 ሚሊ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ክፍተቱ በግራይንደር ተቆርጦ 10 ሚሊ መድረስ አለበት። ጥልቀቱ ደግሞ የስፋቱ ግማሽ፣ 5 ሚሊ ይበቃዋል። ወፍራም ሲሆን ይጠነክራል የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም፤ ሲወፍር መሳብ ያቅተዋል። ከሥሩ ያለው ጉድጓድ በክብ የፎም ገመድ ይሞላል።

የፎም ገመድ ግን ማርቆስ ሱቆች ጠይቄ አጣሁ። ይህን ስጽፍ 26ኛው አሮጌ ነጠላ ጫማ በቢላዋ እየሰነጠቀ መጠቀሙን ነገረኝ። ጥሩ ብልሃት ነው። 27ኛው አንድ ነገር ጨመረበት። ማጣበቂያው መያዝ ያለበት ግራና ቀኙን ብቻ ነው። ከሥርም ከያዘ ሦስት ጎን ይወጠርና ይቀደዳል። ጫማው ደግሞ ሊይዘው ስለሚችል ከላዩ ስኮች ፕላስተር ይለጠፍበት። እነዚህ ሁለት መልሶች ባይመጡ ኖሮ ሥራው ተበላሽቶ ነበር። 28ኛው ሒሳቡን ሠራልኝ፤ 10 በ5 ሚሊ ሲሆን አንድ ሜትር 50 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፣ ባለ 300 ቱቦ 6 ሜትር ይሄዳል፤ ለ9 ሜትር ሁለት ቱቦ።

29ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። መስመሩን ከመንካቴ በፊት ሁለት ፈተና እንዳደርግ አዘዙኝ። አንደኛው ታይሎቹን በሳንቲም ማንኳኳት ነው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ለቋል። ሁለተኛው ባልዲ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ከሁለት በላይ ታይል ለቆ አገኘሁ፤ አራት ናቸው። ውሃው ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመና ወደ መስመሩ ተመለሰ። ታይሉ ጠርዝ ላይ የነበረው ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ውሃው ከሥር ሲያልፍ ከሲሚንቶው ይዞት የሚወጣው ነው።

30ኛው የእኔ ሪፖርት ነው። ኅዳር ላይ ሠራሁት፤ ዝናቡ አልቆ መሬቱ ከጠፈፈ በኋላ። አሮጌውን ሲሚንቶ በግራይንደር ሁለት መስመር ቆርጬ በመዶሻና በፑንታ አወጣሁ። አቧራው አፍ ያስይዛል፣ ጭምብልና መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ። ከሥሩ ያገኘሁት ማልታ ገና እርጥብ ነበር። ዝናብ ካቆመ ስንት ሳምንት ሆኖት! አራት ቀን ፀሐይ አስመታሁት። አራቱን ታይሎች አንስቼ፣ የሥሩን ማልታ ጠርጌ፣ ኮላውን ሳልቆጥብ ሙሉ ለሙሉ ቀብቼ መለስኳቸው። ከዚያ መስመሩን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በቀለም ብሩሽ፣ በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ። ግራና ቀኙን የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። የጫማውን ቁራጭ ጠቀጠቅሁ፣ ስኮቹን አለበስኩ፣ ፖሊዩሪቴኑን በሽጉጡ አንድ ወጥ አድርጌ ሳልቆርጥ ሳብኩት። ሳሙና ውሃ የነካ የሻይ ማንኪያ ጀርባ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለስልሼ፣ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ላጥኩ። ቀለሙ ግራጫ ነበር፤ እናቴ ጎማ መሰለ ብላ ስላልወደደችው የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ገና እርጥብ ሳለ በተንኩበት። አሁን ከኮንክሪቱ አይለይም። ሁለት ቀን ማንም እንዳይረግጠው ገመድ ወጠርኩበት። ወደ መስመሩ የሚመለሰውን ውሃ ደግሞ ኮንክሪቱ ላይ ቀጭን ቦይ አስቆርጬ ወደ ውጭ መራሁት።

31 እና 32 ምርቃት ናቸው። 33ኛው የፍኖተ ሰላሙ ግንበኛ ነው። ጣሪያ ሥር ያለውን አሁንም በሲሚንቶ እንደሚሞላ ጻፈ፤ አንድ ሜዳ ላይ ያለ ደረጃ ግን እንደኔ ሠርቶ ዋጋው ለደንበኛው ከበደ አለ። 34ኛው መሐንዲሱ፣ ቱቦ በጅምላ የሚገኝበትን ሱቅ በውስጥ መስመር ላከለት። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

35ኛው ለስላሳ ታይል ውጭ ማንጠፍ ራሱ ስህተት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ሸካራውን ፖርሰሊን ወይም የአገራችንን ጥቁር ድንጋይ አንጥፉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ እናቴ ደጅ ላይ ግን ለአሁኑ ሸካራ ምንጣፍ አድርጌያለሁ። 36ኛው ከክረምቱ በኋላ እንድነግራቸው ጠየቀኝ።

37ኛው የእኔ ነው፤ ዘንድሮ መስከረም የጻፍኩት። ክረምቱ አለፈ። መስመሩ ይዟል፣ ከአንድ ስንዝር በቀር። ያቺ ስንዝር አሸንዳው የሚወርድበት ቦታ ናት። ቀድሞም እዚያ ጋ መሬቱ ቀለል ያለ እርጥበት ነበረው፤ ቸኩዬ ሞላሁት፣ ስለዚህ ከኮንክሪቱ ጋር አልያዘም። የአሸንዳውን ቱቦ አስረዝሜ ከቦዩ አገናኘሁት። ያቺን ስንዝር በምላጭ ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ ጥቅምት ላይ ሲደርቅ እሞላታለሁ። ታይሎቹ አንዱም አልተነሳም። ሁሉንም በሳንቲም አንኳኳሁ፤ ድምፃቸው ሙሉ ነው።

38ኛው ትናንት የመጣ ነው፤ የሞጣው ሰው ራሱ። ለእሱ ቤት ስንት ሚሊ መቁረጥ እንዳለበት ጠይቆኛል። ወንድሜ፣ የግቢህን ስፋት ሳልለካ አልችልም። አንተ ግን ትችላለህ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ነጥብ በእስክሪብቶ አድርግ። በሁለቱ መካከል ያለውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ለካ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ደግመህ ለካ፤ ለአንድ ሳምንት ጻፈው። ትልቁን ልዩነት በአራት አብዛው፣ ከዚያም ትንሽ ጨምርበት፤ ዋልካ ከሆነ ክረምት የሚመጣው ከዚህ ይበልጣልና። ቁጥሮቹን እዚሁ ለጥፋቸው፣ አብረን እናያለን።